ወገባችን ላይ የከረመችው ቆጣሪ

(ቆጣሪ የያዝን እህቶች በጋራ አዘጋጅተን በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ያቀረብነው ንግግር)



ዛሬ ስለ ቆጣሪ እንድንነግራችሁ ታዘናል። ቆጣሪ ሲባል የመብራት ወይም የውሃ ቆጣሪ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። እኛም መጀመሪያ ላይ «በወሩ መጨረሻ ስንት ታስከፍላለች?» እያልን ስንስቅ ነበር። ይህቺኛዋ ግን የእርምጃ ቆጣሪ ናት። ከክብሪት ሣጥን ብዙም አትበልጥም። ከጀርባዋ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚይዝ ነገር አላት፤ ወገብ ላይ ትሰካለች። ጠዋት ዜሮ አድርገናት እንወጣለን፤ ማታ ስንት እርምጃ እንደሄድን ትነግረናለች። ሌላ ሥራ የላትም።

ነገሩ የተጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። አምና አንዲት እህታችንን አጥተናል፤ ሁላችሁም ታስታውሷታላችሁ። ግፊት እንዳለባት ታውቅ ነበር። መድኃኒቱን አንድ ሰሞን ትውጣለች፣ ደህና የሆነች ሲመስላት ትተወዋለች። አንድ ጠዋት ግማሽ ሰውነቷ አልታዘዝ አላት፤ በሳምንቱ ቀበርናት። ድንኳን ተከልን፣ ንፍሮ ቀቀልን፣ ቤተሰቧን አስተዛዘንን፤ ከማኅበሩ ሣጥንም የሚገባውን አወጣን። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናታችን ድንኳኑ ውስጥ እንዲህ አሉ፦ «ለመቅበሩስ ጎበዞች ነን፤ ለማኖሩስ?»

መልስ የሰጠ አልነበረም። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ግን ከመካከላችን ስኳርና ግፊት ያለባት እጇን እንድታወጣ ሲጠየቅ የወጣው እጅ ብዙ ነበር። ውጭ አገር ያሉ ወዳጆቻችን ይህን ሰምተው 24 ቆጣሪዎች ላኩልን። እኛም ዕጣ አውጥተን ተከፋፈልናቸው።

አሁን ከተማርነው እንንገራችሁ፤ ቆጣሪ የሌላችሁም የምትጠቀሙበት ነገር አለው።

የእኛዎቹ ቆጣሪዎች ቀላሎቹ ናቸው። በውስጣቸው በቀጭን ሞላ የተያዘች ትንሽ ዘንግ አለች። እግራችንን ባነሳንና በጣልን ቁጥር ዳሌያችን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዘንጓም አብራ ትወዛወዛለች። አንድ ውዝዋዜ አንድ እርምጃ ነው። ስለዚህ ቆጣሪዋ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ካጋደለች ዘንጓ በደንብ አትወዛወዝም፤ ቁጥሩም ይጎድላል። ትክክለኛ ቦታዋ ወገብ ላይ፣ ከጭኑ መሃል በላይ፣ ከጉልበት ትይዩ ነው። ቦርጭ ያለን ሰዎች ፊት ለፊት ስናደርጋት ወደ ፊት ታጋድላለች፤ ትንሽ ወደ ጎን ስናደርጋት ተስተካከለች።

የመጀመሪያው ችግራችን ልብሳችን ነበር። ሰፊ ቀሚስ የለበሰች ሴት የት ትሰካት? ቀሚሱ ራሱ ላይ ስትሰካ ትንጠለጠላለች እንጂ አትቆጥርም። መፍትሔው መቀነት ሆነ። መቀነት የማታስር ደግሞ ከውስጥ ልብሷ ወገብ ላይ ትሰካታለች። ሁለተኛው ችግር መውደቅ ነው። ሁለት ቆጣሪዎች ሽንት ቤት ጉድጓድ ገብተው ቀርተዋል፤ የማን እንደሆኑ አንናገርም። ከዚያ በኋላ ሁላችንም በጠንካራ ክር አሥረን የክሩን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ልብሳችን ላይ አያያዝነው። ከዚያ ወዲህ አንድም አልጠፋም።

በደንብ መቁጠሯን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ዜሮ አድርጋችሁ በልባችሁ እየቆጠራችሁ 20 እርምጃ ሂዱ፤ ከዚያ እዩዋት። 19፣ 20 ወይም 21 ካለች ደህና ናት። ከዚያ ብዙ ከራቀች ቦታዋን ቀይሩና ድገሙ። እግራቸውን እየጎተቱ ቀስ ብለው የሚሄዱ እናቶቻችን ላይ ትጎድላለች፤ ታክሲ ውስጥ ደግሞ ኮብልስቶኑ ሲያንገጫግጭን ሳንሄድ ትቆጥራለች። ስለዚህ ታክሲ ስንሳፈር እናወልቃታለን። አንዲት እህታችን ማታ 14,000 አግኝታ እልል አለች፤ ኋላ ሲጣራ ልጇ ወገቡ ላይ ሰክቷት ትምህርት ቤት ውሎ ኳስ ተጫውቶባት ነበር።

ርቀት ማወቅ የምትፈልጉ አሥር እርምጃ ሂዱና ርዝመቱን ለክታችሁ ለአሥር አካፍሉት። እርምጃዋ 65 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሴት 1,000 እርምጃ ስትሄድ 650 ሜትር ሄዳለች ማለት ነው።

«በቀን ስንት እንሂድ?» የሚለው ብዙ አከራክሮናል። ሁሉም ሰው 10,000 ሲል ሰምተናል። ይህ ቁጥር የመጣበትን ብትሰሙ ይገርማችኋል። የእኛው አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ያ ኦሊምፒክ ጃፓኖችን ለስፖርት አነሳሳቸው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1965፣ ያማሳ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የምትሰካ ቆጣሪ አውጥቶ «ማንፖ ኬ» አላት፤ «የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ቁጥሩ የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ሐኪም በሚዛን ለክቶ ያዘዘው መጠን አይደለም፤ የዕቃ ስም ነው።

ታዲያ እውነተኛው ልክ የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንደ እኛ ላሉ እናቶች የሚሆን ነገር ይዟል። አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት የሆነ 16,741 ሴቶች መለኪያ ወገባቸው ላይ አድርገው ከዚያ በኋላ ለዓመታት ክትትል ተደረገባቸው። በቀን 4,400 ያህል የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት ጋር ሲነጻጸሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሙ እስከ 7,500 እርምጃ ድረስ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በላይ ብዙ ለውጥ አላሳየም። ይህን ስንሰማ 10,000 ሩቅ ሆኖባቸው ተስፋ ቆርጠው የነበሩ እናቶቻችን ቆጣሪያቸውን ከሣጥን አወጡ።

የእኛ አሠራር ይህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳንቀይር የዘወትር ኑሯችንን እየኖርን ብቻ ቆጠርን። ከዚያ እያንዳንዷ በራሷ ቁጥር ላይ 1,000 ጨመረች። እሱ ሲለመድ ደግሞ ሌላ 1,000። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው። ማንም ከጎረቤቷ ጋር አትወዳደርም፤ የምትወዳደረው ካለፈው ሳምንቷ ጋር ነው። ማታ ማታ ቁጥሩን ደብተር ላይ እንጽፋለን። መጻፍ የማይችሉት እናቶቻችን ልጅ እያስነበቡ ለእያንዳንዱ 1,000 አንድ ባቄላ ኩባያ ውስጥ ይጥላሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ባቄላውን እንቆጥርላቸዋለን። ግብና ደብተር ዋጋ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 26 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ እንዳሳየው ቆጣሪ የያዙ ሰዎች በቀን ከ2,000 በላይ እርምጃ ጨምረዋል፤ በደንብ የጨመሩት ግን ግብ የነበራቸው ናቸው።

ስለ ፍጥነትም እንናገር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህም በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። መጠነኛ የሚባለው በደቂቃ 100 እርምጃ ያህል ነው፤ ማውራት የሚያስችል፣ ዘፈን ግን የማያስዘፍን።

«ያለ ሥራ የምትዞረው ምን ሆና ነው?» የሚለው የሰፈር ወሬ መጀመሪያ ላይ አሳፍሮን ነበር። አንዳንዶቻችን ባዶ ዘንቢል ይዘን ገበያ የምንሄድ መስለን ወጥተናል። ሁለት ሦስት ሆነን መሄድ ስንጀምር ወሬው ቆመ፤ ውሻውም ፈራን። ጎሕ ሳይቀድ አንወጣም።

ለጥንቃቄ የሚሆኑ ነገሮችም አሉ። ስኳር ያለብን ሰዎች እግራችን ቢቆስል ላይሰማን ይችላል። በባዶ እግር ወይም ባረጀ ጫማ አንሄድም፤ ማታ እግራችንን ታጥበን፣ በጣቶቻችን መካከል ሳይቀር አድርቀን ውስጡን እናያለን። የስኳር መድኃኒት ወይም መርፌ የምትወስድ ባዶ ሆዷን አትሄድም፤ ከረሜላ ኪሷ ይኑር፤ በጾም ሰዓት ከመውጣቷ በፊት ሐኪሟን ታማክር። ደረቷን የጨነቃት ወይም ትንፋሽ ያጠራት ወዲያው ትቁምና ወደ ሐኪም ትሂድ። መድኃኒትንም ቆጣሪ አትተካም። ያጣናት እህታችን ያስተማረችን ይህንን ነው።

አሁን ለዛሬ ወደ መጣንበት ዋና ጉዳይ እንግባ።

ቆጣሪዋ የማትቆጥረው ነገር ብዙ ነው። እንጀራ የምትጋግር እህታችን ቀኑን ሙሉ ምጣድ ላይ ቆማ ውላ ማታ ቁጥሯ 2,000 አልሞላም፤ ተናዳ ልትወረውራት ነበር። መቆምን፣ ማቡካትን፣ ልጅ ማዘልን አትቆጥርም። ሸክምንም አትቆጥርም።

ከ24ታችን መካከል ሦስቱ ኑሯቸው እንጨት መሸከም ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው እንጦጦን ይወጣሉ፤ ያንን ሁሉ ጭነት ጀርባቸው ላይ አሥረው ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ወር ደብተሮቹ ሲነበቡ የአንደኛዋ ቁጥር በቀን ከ20,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። «አንደኛ ወጣሽ!» አልናት። እሷ ግን አልሳቀችም። ቆጣሪዋን ከመቀነቷ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እኔ የሚያስፈልገኝ እርምጃ የሚጨምርልኝ አይደለም፤ የሚቀንስልኝ ነው» አለች።

ቤቱ ዝም አለ። አብረን ዕቁብ እየጣልን፣ አብረን ቡና እየጠጣን፣ የእሷን ቀን ሳናውቀው ኖረናል። ግማሾቻችን በጣም ትንሽ ስለምንሄድ እንታመማለን፤ እሷ ደግሞ ከአቅሟ በላይ ስለምትሄድ ወገቧ አልቋል። ያንን ልዩነት ዓይናችን ላይ ያመጣችው አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በዚያው ስብሰባ ከቁጠባ ሣጥናችን ያለ ወለድ አበድረናት ጉሊት ጀመረች፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ትሸጣለች። ብድሯን በየሳምንቱ እየከፈለች ነው። ቆጣሪዋን መልሰን ስንሰጣት ቁጥሯ ወደ 8,000 ወርዶ ነበር። ቁጥር በመቀነሱ እልል ያልነው ያን ቀን ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ እህቶቻችን ግን ዛሬም ጠዋት እንጦጦ ወጥተው ነበር። አንደኛዋ ከዚያ በቀጥታ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ሁለተኛዋ አልደረሰችም።

እንግዲህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ከጉባኤው የምንጠይቀው ለሁለቱ እህቶቻችንም ያው ብድር ዛሬ እንዲጸድቅላቸው ነው። ከሩቅ የምትረዱን ወዳጆቻችንን ደግሞ ስለ ቆጣሪዎቹ ከልብ እናመሰግናለን፤ 22ቱ አሁንም ወገባችን ላይ ናቸው፤ ባትሪያቸውንም ከሰዓት ሠሪ ገዝተን እንቀይራለን። ዘንድሮ ሌላ ልትልኩልን ካሰባችሁ ግን ቆጣሪው ይቅርና ገንዘቡ ወደ ብድር ሣጥኑ ይግባልን። ያሉንን ቆጣሪዎች በየሦስት ወሩ እየተቀባበልን ሁሉንም አባል እናዳርሳቸዋለን።

ለእናታችን ጥያቄ መልስ አግኝተናል ብለን አንመጻደቅም። ነገር ግን ለመቅበር ብቻ የምንሰባሰብ ሰዎች አይደለንም። ከነገ ወዲያ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከማኅበሩ በር እንነሳለን። ቆጣሪ ያላትም የሌላትም ትምጣ፤ ዘንቢል መያዝ አያስፈልግም።