ወፍራም ፊደልና የሱቃችን ሰሌዳ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለሱቅ ስለ ፊደል ምን አገባው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ገበያተኛ ከዕቃችን በፊት የሚያየው ሰሌዳችንን ስለሆነ፣ ነገሩ እኛን በጣም ያገባናል።

በናይሮቢ በየሱቁ ግንባርና በየማታቱው ላይ ወፍራም የላቲን ፊደል ታያላችሁ። ከነዚህም አንዱ ዓይነት በእግሩ ጫፍ ላይ እንደ ጡብ የደነደነ መቆሚያ ያለው ነው። ይህ ፊደል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ለማስታወቂያ የተሠራ ነው። የመጽሐፍ ፊደል ቀጭን መስመሩ ከሩቅ ስለሚጠፋ፣ መስመሩ ሁሉ እንዲወፍር ተደረገ። ያን ጊዜ በአውሮፓ የግብፅ ወሬ የበዛበት ስለነበር «ግብፃዊ» ተባለ እንጂ ከግብፅ ጽሕፈት ጋር ዝምድና የለውም። ክላሬንደን የተባለው እውቅ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1845 ወጣ። ለሱቅ ሰሌዳ የሚመረጠውም ከመንገድ ማዶ ስለሚነበብና የጸና ነገር ስለሚመስል ነው።

ታዲያ እኛም ይህን መልክ ለአማርኛችን ብንፈልግ አያስደንቅም። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ለላቲን ፊደል እግር ጌጥ ነው፤ ለእኛ ግን ድምፅ ነው። «በ» በቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ጭረት ሲጨመርባት «ቡ» ትሆናለች፤ ጭረቱ ከግርጌ ሲሆን «ቢ» ትሆናለች። አማርኛ የማያውቅ ሰሌዳ ጻፊ ለማሳመር ብሎ ለ«በ» ጫማ ቢያለብሳት፣ በርበሬያችን «ቢርቢሬ» ሆኖ ይውላል! «ሰላም»ም «ሲላም» ይባላል።

ሁለተኛው ችግር ቀዳዳው ነው። ፊደሉ ያለ ልክ ሲወፍር የ«መ» ዓይኖች ይደፈናሉ። «ፀ» በሆዷ ያለው መስመር ከዳር ዳሩ ጋር ይጣበቅና ከ«ዐ» መለየት ያስቸግራል።

ስለዚህ ሰሌዳ የምታሠሩ ወገኖቼ፣ ወፍራም ፊደል አትፍሩ፤ ነገር ግን ውፍረቱ በዋናው እግር ላይ ይሁን፣ ቀዳዳው ክፍት ይቅር፣ ጭረቱ ረዘም ብሎ ይውጣ። ቀለም ሳይነካው ጽሑፉን በወረቀት አሠርታችሁ ከመንገድ ማዶ ቁሙና አንብቡት። ፊደል የቆጠረ ልጅ ካለም እሱ ያንብበው።

ይህን ያህል የምደክመው ስለ ገበያ ብቻ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በማተሚያ ቤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ በወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። አዲስ አበባም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሞ ብዙ ትውልድ አስነብቧል። እዚህ ናይሮቢ የተወለዱ ልጆቻችን ግን በትምህርት ቤት የሚያነቡት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ፣ ሁለቱም በላቲን ፊደል ነው። ከቤት ውጭ አማርኛን የሚያዩት በአብዛኛው በእኛ ሱቅና ምግብ ቤት ግንባር ላይ ነው። እዚያ ላይ «ቢርቢሬ» ካነበቡ፣ ያንኑ ይማራሉ።

ሰሌዳችን ለሀገሩ ሰው ማስታወቂያ፣ ለልጆቻችን ደግሞ የፊደል ገበታ ነውና አጥርተን እናጽፈው።