ዘግይቶ የመጣ ተማሪ አንደበት

በኮልፌ የማታ ትምህርት የሚከታተል ጎልማሳ በክፍል ፊት ቆሞ ሐሳቡን እንዲያስረዳ ሲጠየቅ፣ ድምፁን የሚያሰልለው ብዙውን ጊዜ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የልጆቹ እኩያ በሆኑ ተማሪዎች ፊት የመሳሳት ሥጋት ነው፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ አጣድፎ አንብቦ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። ይሁንና የማሳመን ጥበብ፣ ማለትም አድማጭ ሳይገደድ በምክንያት እንዲስማማ የማድረግ ችሎታ፣ የሚጀምረው ከፍጹምነት ሳይሆን ከእውነተኛነት ነው።

ለዚህ ኮልፌ ራሷ ምስክር አላት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በዚሁ በኮልፌ የውትድርና ሥልጠና ሲወስድ ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ በአገሩም በጥብቅና የታወቀ ሰው ነበር፤ ሆኖም ተኩሱንና አድካሚውን የእግር ጉዞ እንደ ማንኛውም ሠልጣኝ ተማረ። በ1956 ዓ.ም. በአገሩ በተካሄደው፣ ሪቮኒያ በሚባለው የፍርድ ሂደት ተከሶ ሲናገር ደግሞ የአሻጥር ጥቃት ማቀዱን ገና ከመነሻው አመነ፤ ካመነ በኋላ ለምን እንዳደረገው በዝርዝር አስረዳ። ሊደብቀው የሚችለውን ራሱ አስቀድሞ በመናገሩ፣ ቀሪው ቃሉ ክብደት አገኘ። ያም ንግግር ከጽሑፍ የተነበበ ነበርና ወረቀት መያዝ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ከወረቀት ጀርባ መደበቅ ነው።

ዛሬ ማታ ተራ የሚደርሰው ተማሪ የማያውቀውን አላውቅም ይበል፤ የሚያውቀውን ግን ቀና ብሎ፣ ረጋ ብሎ ይናገር። ዕድሜዬ አለፈ የሚል ካለ ደግሞ፣ ማንዴላ የሕግ ዲግሪውን ያገኘው 70 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ በ1981 ዓ.ም. ነው።