ቫርኒሽና የእንጨት ድምፅ


መሰንቆ ቫርኒሽ ይቀባ ወይስ አይቀባ? ጥያቄውን ያነሣነው የይፋትን ቆላ በማሰብ ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት እንጨት በበጋ ደርቆ ይኰማተራል፥ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። ቫርኒሽ ይህን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አይከለክለውም። ጕዳትም አለው፤ የደረቀው ሽፋን በስሱ ጣውላ ላይ ክብደት ይጨምራል፥ ንዝረቱንም ቶሎ ያበርደዋል። ሽፋኑ በወፈረ መጠን ድምፁ ይታፈናል።

ስለ ጣሊያናዊው ስትራዲቫሪ ቫዮሊኖች ቫርኒሽ ብዙ ተረት ተወርቷል። በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አምስት መሣሪያዎቹን መርምሮ ያገኘው ግን በዘመኑ የተለመደውን ዘይትና የጥድ ሙጫ ነው። ምሥጢሩ ይኸው ነበር!

መሰንቆ ደግሞ ቫዮሊን አይደለም፤ ፊቱ ጣውላ ሳይሆን በሳጥኑ ላይ የተወጠረ ቆዳ ነው። ቆዳው በደረቅ አየር ይወጠራል፥ በእርጥብ ይላላል። ለገበያ ተብሎ ቆዳው ሳይቀር በቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ መሰንቆ የግድግዳ ጌጥ ይሁን እንጂ ለአዝማሪ አይሰጥ። እኛ የምንለው፥ አንገቱ በስሱ ቢቀባ ግድ የለም፤ ቆዳው ግን ባዶውን ይቅር። ጭራውንም ቅባት አይንካው፤ ሙጫ የሚታሸው እንዲይዝ ነውና፥ ቅባት ከነካው ይንሸራተታል።