ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግዴታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም እንድናገር ተፈቅዶልኛል። የትምህርትን ጥቅም ግን እዚህ የተሰበሰበ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት በር ሳይገቡ ስለሚቀሩ ሕፃናት፣ ኦቲዝም ስላለባቸው ልጆች ጥቂት ቃል ለማሰማት ወደድሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ኦቲዝም ምንድን ነው? ከአእምሮ ዕድገት ጋራ የተያያዘ፣ በሕፃንነት የሚታይና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 በአሜሪካ አገር በ11 ሕፃናት ያየውን ጠባይ ጽፎ አሳወቀ። እንዲህ ያለው ልጅ ንግግር ሊዘገይበት ይችላል፤ የሰውን ፊት አይቶ አሳቡን መረዳት ያስቸግረዋል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥበት ይጨነቃል፤ ለእኛ ምንም የማይመስለን የደወል ድምፅ እርሱን ሊያውከው ይችላል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ በንባብ ወይም በቍጥር እኩዮቹን ሲቀድም፣ ሌላው ለመልበስ እንኳ ረዳት ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም።

በአገራችን ብዙ ሰው ይህን እርግማን ነው፣ የሰይጣን ሥራ ነው፣ የእናቲቱ ኃጢአት ነው ይላል። እናትም የጎረቤትን አፍ ፈርታ ልጇን በጓዳ ትሸሽጋለች። ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓም የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ጥፋቱን ፍቅር በነፈገች እናት ላይ ሲያሳብቡ ነበር። በ1964 ይህን አሳብ በመጽሐፉ የተቃወመው የሥነ ልቡና ሊቅ በርናርድ ሪምላንድ፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበረ። ዛሬ ኦቲዝም ከወላጅ አስተዳደግ ጉድለት የማይመጣ መሆኑ ታውቋል።

ታዲያ እነዚህን ልጆች ለማስተማር በር የከፈተ ማን ነው? በእንግሊዝ አገር ወላጆች በ1962 ማኅበር አቋቁመው፣ በ1965 በመምህርቷ በሲቢል ኤልጋር መሪነት በሎንዶን ትምህርት ቤት ከፈቱ። በእኛም አገር ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ ንግግር ለማስተማርም አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ ዘዴ አዘጋጁ። እርሳቸው በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም ሥራቸው ይመሰክርላቸዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች የተቋቋመ ነው። እንግዲህ በየስፍራው በሩን የከፈቱት በር የተዘጋባቸው ወላጆች ናቸው። ይህ ለእነርሱ ክብር ነው፤ ለትምህርት ቤቶች ግን ዕዳ ነው።

የማስተማሩ ሥራ ምትሐት የለበትም። ልጁ የቀኑን ተራ አስቀድሞ እንዲያውቅ ሥዕሎች በግድግዳ ላይ ይደረደሩለታል፤ መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ ምሳ፣ ከዚያ ጨዋታ። መናገር ያልቻለው ውኃ ሲጠማው የብርጭቆ ሥዕል አንሥቶ ለመምህሩ ይሰጣል፤ በዚህም ከመጮህ ይልቅ መጠየቅን ይማራል። እጅ መታጠብ እንኳ ቧንቧ መክፈት፣ ሳሙና መቀባት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ እየተባለ ተከፋፍሎ ይሰጣል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ይስማማል። ክፍሉ ጸጥ ያለ፣ ተማሪዎቹ ጥቂት፣ መምህሩም በሥራው የሠለጠነ መሆን ይገባዋል። ነገር ግን ልዩው ክፍል ሁለተኛ ጓዳ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ልጁ እንደ ችሎታው ዛሬ ለሥዕል፣ ነገ ለሒሳብ ትምህርት ከሌሎች ልጆች ጋራ እየተቀላቀለ መማር አለበት።

አንዳንድ ሰው፣ ለሌሎቹ ልጆች እንኳ ወንበርና መጽሐፍ አልበቃም፤ ይህን ወጪ ከየት እናመጣለን ይላል። የመምህር ደመወዝና ሥልጠና ቀላል አለመሆኑን አልክድም። ነገር ግን ልጁ ሳይማር ሲቀር ወጪው አይቀርም፤ እናቱ ሥራዋን ትታ ትጠብቀዋለች። እርስዋ ስትሞትስ ማን ይጠብቀዋል? ልብሱን መልበስና የሚፈልገውን መጠየቅ የተማረ ልጅ ግን ሸክሙን ያቀልላል፤ ራሱንም በሰው ፊት ያስከብራል። አገራችንም በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ስታጸድቅ፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ቃል ገብታለች። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች ደግሞ፣ ዘጠና ዘጠኙ በጎች አሉልኝና ይበቃኛል ያላለውን እረኛ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል።

ስለዚህ ለሦስት ወገን ልመና አለኝ። ክቡራን መምህራን ሆይ፣ በአንደኛ ደረጃው ግቢ አንድ ጸጥ ያለ ክፍልና አንድ የሠለጠነ መምህር የሚገኝበትን መንገድ ምከሩ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እንዲህ ካለው ልጅ ጎን ሲቀመጥ አትከልክሉት። ጓደኞቼ ሆይ፣ በመጪው ዓመት ሙያ ስንመርጥ የልዩ ፍላጎት መምህርነትን ከሐኪምነትና ከመሐንዲስነት አሳንሰን አንየው።