የጓሮ ዶሮ በሽታ አስቀድሞ ስለሚታወቅበት መንገድ
(ለገሃር ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ዶሮ በሽታ ሊናገር መነሣቱ ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን በዚህ በለገሃር ዙሪያ እንኳ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ጥቂት ዶሮዎች የሚያረባ ቤተሰብ አይጠፋም፤ ብልሽትን ከምልክቱ መፈለግም የሙያችን ልማድ ነው።

በአገራችን ዶሮ በብዛት ሲያልቅ «ፈንግል ገባ» ይባላል። ፈንግል በሳይንሱ አጠራር የኒውካስል በሽታ ነው፤ ይሁን እንጂ ስሙ ለብዙ ገዳይ በሽታዎች መጠሪያ ሆኖአል። ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ስሙን ያወቅን ሲመስለን ምልክቱን መመርመር እንተዋለንና።

በኒውካስል የተያዘች ዶሮ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ትቀዝናለች፤ ክንፏ ይወድቃል፤ አንገቷም ይጠመዘዛል። ጫጩቶች ደም የተቀላቀለበት ኩስ ቢጥሉ እርጥብ ጉዝጓዝ የሚያባብሰውን ኮክሲዲዮሲስ መጠርጠር ይገባል። ላባ በሌለው የራስ ክፍል ላይ ቅርፊት ያለው ቁስል ቢታይ የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል። የኒውካስልና የወፍ ጉንፋን ምልክቶች ግን እጅግ ስለሚቀራረቡ በዓይን ብቻ አይለዩም፤ ቁርጡን መናገር የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ታዲያ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ጠዋት የዶሮው ቤት ሲከፈት ያልወጣችውን፣ ጥሬ ያልለቀመችውን፣ የኩሱን መልክና የእንቁላሉን ቁጥር አስተውሎ መመዝገብ ነው። የታመመችውን ለይቶ ጤነኞቹን አስቀድሞ፣ እርሷን በመጨረሻ መመገብና እጅን መታጠብ፤ ከገበያ የመጣችውንም ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻዋ ማቆየት ያስፈልጋል። የሞተችውን ሜዳ ላይ ሳይጥሉ ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ ሐኪሙ ሲያዝ ናሙናው ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላካል።

ኒውካስል በቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ ቴትራሳይክሊን በውኃ በጥብጦ ማጠጣት አያድነውም። መከላከያው ክትባት ነው፤ ቢሾፍቱ ያለው የክትባት ማምረቻ ሙቀት የሚቋቋምና በዓይን የሚንጠባጠብ ክትባት ያመርታል። ይህም በሽታው ከመግባቱ በፊት፣ በተለይም ክረምቱ ሳይቃረብ መሰጠት አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው አንዲት ዶሮ ስታዛጋ የቀሩትን አፍሶ ወደ ገበያ መሮጥ ነው። በበዓል ዋዜማ እንዲህ የተሸጠች ዶሮ ከሻጩ ላይ የጥቂት ብር ኪሣራ ታነሣ ይሆናል፤ በገዢው ግቢ ግን ልጆቿን በእንቁላል ሽያጭ ደብተር የምትገዛላቸውን የአንዲት እናት መንጋ በሙሉ ትጨርሳለች። ስለዚህ የታመመ ዶሮ አለመሸጥ የጎረቤትነት ግዴታችን ነው።