የእርጉዝ ባዝራ ዕረፍትና የሰበካችን ኃላፊነት

(የሰበካ ጉባኤያትና የአጥቢያ ልማት ኮሚቴዎች አባላት በተገኙበት የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የጋማ ከብት አያያዝ በልማት ሥራ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ስለ ፈረሱም፣ ስለ በቅሎውም፣ ስለ አህያውም በአንድ ጊዜ ተናግረን አንጨርሰውም። ስለዚህ ከሁሉም መካከል አንዲቱን ብቻ መርጠናል፤ እርሷም የመውለጃዋ ወራት የተቃረበ ባዝራ ናት። የመረጥንበትን ምክንያት ከራሳችን ጥፋት ጀምረን እንነግራችኋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ ደጋ በአንዲት አጥቢያ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ነበረን። መኪና ከሚቆምበት እስከ ምንጩ ድረስ ያለው መንገድ ገደል ስለሆነ ሲሚንቶውና አሸዋው የሚጓጓዘው በጋማ ከብት ነበር። ምእመናኑ በፈቃዳቸው ከብቶቻቸውን አቀረቡ፤ እኛም ስም መዝግበን ተራ አወጣን። ከተመዘገቡት አንዲቱ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ። ያላቸው ከብት አንዲት ባዝራ ብቻ ነበረች፤ እርሷም እርጉዝ ነበረች። ወሩ ሚያዝያ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ እኒህ እናት ወደ ደጀ ሰላሙ መጡ። «ልጆቼ፣ ባዝራዬ ደኅና አይደለችም። ገብሱን ቁና ላይ ትታዋለች፤ ጎኗን ጎኗን ታያለች፤ ከሌሎቹም ተለይታ ትቆማለች» አሉን። እኛም ባዝራዋን በፋኖስ ብርሃን አየናት። ሰውነቷ ሞላ ያለ፣ ጠጉሯ ያማረ ስለነበር «እናታችን፣ ወፍራም ናት፤ ትችላለች። የቀረው የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ደግሞም የበረከት ሥራ ነው» ብለን መለስንላቸው። እርሳቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲህ እንደ ፈቃዱ» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ባዝራዋ እንደ ወትሮው ሲሚንቶ ተጫነች። በአምስተኛው ቀን ተኛች። በሰባተኛው ቀን ውርንጭላው ጊዜው ሊደርስ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ጨነገፈ።

ሐኪሙ ሲደርስ ባዝራዋን ለማትረፍ ቻለ። የጨነገፈበትን ምክንያት ግን ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ በእርግጠኝነት ሊነግረን እንደማይችል ገለጸልን። በሽታም ሊሆን ይችላል፣ ድካምም ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ያለ ማመንታት ነገረን፤ «ባለቤቷ ያዩትን ምልክት በዚያው ሌሊት ብትሰሙ ኖሮ እኔን ከአራት ቀን በፊት ትጠሩኝ ነበር» አለን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

አባቶቻችን፣ ከዚያ በኋላ ስንመረምረው ጥፋታችን ባለማወቅ ብቻ የተፈጸመ አልነበረም። ማንም ሌላ ሰው ባዝራዋን ሊከራያት ቢመጣ እኒያ እናት «እርጉዝ ናት፣ አልሰጥም» ይሉት ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ግን እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። ድኻ ለእግዚአብሔር ቤት ሲጠየቅ አፍሮም፣ ፈርቶም፣ ወድዶም ያለውን ይሰጣል። ስለዚህ እምቢ ሊለን የማይችለውን ሰው ሥጋቱን አስቀድመን መጠየቅ የእኛ ግዴታ ነው። ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ማስረጃውና አፈጻጸሙ ነው።

በመጀመሪያ ጊዜውን እንቁጠር። ባዝራ በእርግዝና የምትቆየው በአማካይ 340 ቀን ያህል ነው፤ ከ320 እስከ 365 ቀን ሊደርስም ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ሲሰላ ቀላል ነው፤ ከተጠቃችበት ቀን አንስቶ ዓመት ሊሞላ 25 ቀን ሲቀረው ማለት ነው። በሐምሌ 19 ቀን የተጠቃች ባዝራ በሰኔ 24 ቀን ገደማ ትወልዳለች። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እንግዲህ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጨረሻ ያሉት ናቸው። በእነዚህ ወራት ውርንጭላው በልደቱ ቀን ከሚኖረው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይጨምራል።

አሁን ወራቱን ከእኛ የሥራ ዕቅድ ጋር አስተያዩት። መጋቢትና ሚያዝያ መንገዱ ደረቅ ስለሆነ የሕንፃና የውኃ ሥራ የምናፋጥንባቸው ወራት ናቸው። ድርቆሹና ገለባው የሚያልቅባቸው፣ ግጦሹም ነጭ የሚሆንባቸው ወራት እነዚሁ ናቸው። በክረምት መግቢያ የምትወልደው ባዝራ ብዙ መብላትና ማረፍ በሚያስፈልጋት ጊዜ ጥቂት በልታ ብዙ ትሸከማለች ማለት ነው።

ሁለተኛው የምግቧ ነገር ነው። የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ አንጻር ትንሽ ነው። በእርግዝናው መጨረሻ ደግሞ ውርንጭላው ሆዷን ስለሚያጣብበው በአንድ ጊዜ ብዙ ልትበላ አትችልም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በቀን ብዙ ጊዜ ይሰጣት። ገብስ ወይም ፉርሽካ ሲጨመርላትም በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ይሁን። የሻገተ ድርቆሽ አይቅረብላት፤ ንጹሕ ውኃም አይጓደልባት።

እኛን ያሳሳተን «ወፍራም ናት፣ ትችላለች» የሚለው አስተሳሰብ ነበር። እርጉዝ ባዝራ ወይም እርጉዝ አህያ በድንገት ምግብ ስታጣ፣ ስትጨነቅ ወይም ስትታመም ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ እያቀለጠ ወደ ደሟ ይለቅቃል። ስቡ ከመጠን ሲያልፍ ጉበቷን ይጎዳል፣ የምግብ ፍላጎቷን ይዘጋል፤ ባልበላች ቁጥር ደግሞ ይብስባታል። ይህ በሽታ በተለይ አህዮችንና ትንንሽ ፈረሶችን ያጠቃል፤ ከከሱት ይልቅም ለወፈሩት ያሰጋል። እንግዲህ እርጉዝ ባዝራ አንድ ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ካለች ነገ ይሻላታል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይጠራ።

ሦስተኛው ልናያቸው የሚገቡ ምልክቶች ናቸው። ጡቷ ከመውለዷ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት መሙላት ይጀምራል። በጅራቷ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ይላላል። በመጨረሻዎቹ ቀናት በጡቷ ጫፍ ላይ ሰም የሚመስል ጠብታ ይታያል። ከጡቷ ፊት ለፊት ያለው የሆዷ ቆዳ ጥቂት ቢያብጥም የተለመደ ነው። እነዚህ አያስጨንቁን። ነገር ግን ጊዜዋ ሳይደርስ ወተት ቢፈስሳት፣ ደም ወይም የሚሸት ፈሳሽ ቢታይባት፣ እየወደቀች ብትንከባለልና ብታልበው፣ ወይም ሆዷ በድንገት ወደ ታች ቢንዘረጠጥ የሐኪም ጉዳይ ነው። ቢጨነግፍባት ደግሞ የጨነገፈውን በባዶ እጅ አንንካው፤ ውሾችም አይጎትቱት። ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ እስኪያየው ተሸፍኖ ይቆይ፤ ከዚያም በጥልቅ ይቀበር። ሌሎቹ የጋማ ከብቶችም ከእርሷ ይለዩ።

አራተኛው የመውለጃዋ ሰዓት ነው። ባዝራ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው በሌሊት፣ ጸጥታ ሲሆን ነው። ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ውርንጭላው በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊወጣ ይገባል። ይህ ካለፈ ወይም በነጭ ሽፋን ፈንታ ቀይ ከረጢት ቀድሞ ከታየ አደጋ ነው። ቀዩ ከረጢት እንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው መላቀቁን ያሳያል፤ ውርንጭላው እንዳይታፈን ወዲያው መቀደድ አለበት። ሐኪም በሌለበት ሌሊት ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በመንደሩ መኖሩ የውርንጭላውን ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል።

ከወለደች በኋላ ያለውን በሦስት ቁጥሮች ያዙልን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውርንጭላው በ1 ሰዓት ውስጥ ይቁም፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ እንግዴ ልጁ በ3 ሰዓት ውስጥ ይውጣ። ከሦስቱ አንዱ ከዘገየ ሐኪም ይጠራ፤ እንግዴ ልጁን ግን በእጅ አንጎትት። እንገሩን ስለ መጥባት አጥብቀን የምንናገረው ውርንጭላ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል በማኅፀን ሳለ ስለማያገኝ ነው፤ የሚያገኘው በመጀመሪያው ቀን ከሚጠባው እንገር ነው። ባዝራዋ ከአህያ አርግዛ በቅሎ የምትወልድ ከሆነ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። አስቀድሞ የወለደችው ግልገል በቅሎ ከጠባ በኋላ ቢጫ ሆኖ ሞቶባት ከነበረ፣ ከመውለዷ በፊት ለሐኪሙ ይነገረው፤ የእንገሩን ነገር እርሱ ይወስናል።

አባቶቻችን፣ ይህን ሁሉ ስንናገር «ስብሰባው የእንስሳት ሕክምና ሆነ» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት የወጣ አዲስ ነገር አላመጣንም። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 ስለ ጻድቅና ስለ እንስሳው የሚለውን እናንተው ታስተምሩናላችሁ። በትንቢተ ዮናስ መጨረሻም እግዚአብሔር ለነነዌ መራራቱን ሲናገር እንስሳቷን ከሰዎቿ ጋር አስቦ ነው። ባዝራ ስትታመም ጸበል የሚረጩ ምእመናን አሉ፤ እምነታቸውን አናቃልልም። ሆኖም ስለ ባለ መድኃኒት ክብር በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 የተጻፈውን የምታነብቡ እናንተ ናችሁና፣ ሐኪም መጥራት እምነት ማጉደል እንዳልሆነ ከእኛ ይልቅ ከእናንተ ቢሰሙት ይቀበሉታል። መጋቢትና ሚያዝያ በብዙ ዓመት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማሉ። የንስሐ አባቶች የነፍሰ ጡርን አቅም አይታችሁ እንደምትመክሩ፣ ለእርጉዝ ባዝራም አንድ ቃል ጨምሩላት።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አራት ነገሮችን በቃለ ጉባኤ እንዲያጸድቅ እንለምናለን። አንደኛ፣ ለሥራ የሚቀርብ የጋማ ከብት ሲመዘገብ «እርጉዝ ናት ወይ? መቼ ተጠቃች?» የሚል ጥያቄ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለች ባዝራ ወይም አህያ ከጭነት ነፃ ትሁን፤ ባለቤቷ በገንዘብም ሆነ በጉልበት እንዲተኩ አይጠየቁ፣ በመዝገቡም ድርሻቸውን እንደ ሰጡ ይቈጠሩ። ቀስ ብላ መንቀሳቀሷ ይጠቅማታልና ታስራ አትዋል፤ ጭነቱ ብቻ ይቅርላት። ሦስተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚታጨደው ሣር በጥቅምትና በኅዳር ደርቆ ይከመር፤ ከእርሱም ጥቂቱ አንድ እርጉዝ ከብት ብቻ ላላቸው ድኾች በመጋቢት ይሰጥ። አራተኛ፣ በአቅራቢያው ያለው የእንስሳት ጤና ኬላ ሐኪም ስልክ በደጀ ሰላም ይለጠፍ፤ ሐኪሙም ለእርጉዞቹ የቴታነስ ክትባትና የትል መድኃኒት የሚሰጥበትን ጊዜ አስቀድመን እንጠይቀው።

«ሁሉም እርጉዝ ናት እያለ ሥራው ይጓተታል» የሚል ሥጋት እንዳለ እናውቃለን። ይጓተት ይሆናል። በእኛ ሥራ ላይ ያንዲቱ ባዝራ ዕረፍት ሁለት ቀን ቢያዘገየን ነበር። እነዚያን ሁለት ቀናት ለማትረፍ ስንል የአንዲት መበለት የዓመት ተስፋ ጠፋ።

ምንጩ ተሠርቶ በተመረቀ ቀን እኒያ እናት ጄሪካናቸውን ይዘው መጡ። ውኃውን ቀድተው ቀመሱና «እንኳን ወጣ፤ መልካም ውኃ ነው» አሉ። ስለ ውርንጭላው አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኛም በዚያን ቀን ይቅርታ ለመጠየቅ አፍረን ተመለስን። ይቅርታ የጠየቅናቸው ከወራት በኋላ፣ በኅዳር፣ የአጥቢያው ካህናት ከቅጽሩ ያሳጨዱትን ድርቆሽ ሲያደርሱላቸው አብረን ሄደን ነው። ድርቆሹን ተቀበሉ፣ ይቅርታውንም ሰጡን። ከዚያም በጋጣው በር ቆመው ባዝራዋን እያሳዩን «ሐምሌ ላይ ተጠቅታለች። እንዳትረሱት ጻፉት» አሉን። እኛም ጻፍነው።

እናንተም እንድትጽፉት እንለምናችኋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።