ውሻ ሲቆስል ምን እናድርግ?
(ጸሐፊው በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)



ጸሐፊው ዛሬ ስለ ውሻ ያወራል ብላችሁ አትሳቁብኝ። ሌሊት የሚጠብቀን ውሻ ቆርቆሮ ወይም የጠርሙስ ስባሪ ሲቆርጠው ቡና እንነሰንስበታለን፣ የተቃጠለ ዘይት እንቀባዋለን። ይኼ ቁስሉን ያቆሽሻል እንጂ አያድንም።

ትንሽ ቁስል ከሆነ እንዲህ ነው። የቆሰለ ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና አፉን በጨርቅ እንሰር፤ ስንጨርስ ቶሎ እንፍታ። ደሙ እንዲቆም በንጹሕ ጨርቅ 5 ደቂቃ ያህል እንጫነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረን፣ ሲቀዘቅዝ እንጠበው። አልኮል አናስነካው። እንዳይልሰው እንጠብቅ፤ ጧትና ማታ እንየው። ቁስሉ ከጠለቀ፣ ደሙ አልቆም ካለ ወይም መግል ከያዘ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው። ቁስሉ የሌላ ውሻ ንክሻ ከሆነ በባዶ እጅ አትንኩት። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ይተላለፋል፤ ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ ወዲያ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻውን ለብቻ አስራችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ነገ አትበሉ።

ውሻ ያላችሁ በየዓመቱ አስከትቡ። ልጆቹ የሁላችንም ናቸው።